ፎርማት ተደርጎም የሚመለሰው ፋይል

የኮምፒውተር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ከሦስት ወር በፊት ከአሜሪካ የመጣ ስላሽ ላፕቶፕ ነው ተብዬ ገዛሁ። ሻጩ ባዮሱ ፓስወርድ ስለነበረው አስከፍቶ ነው የሰጠኝ። ዊንዶውሱን ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርጌ በአዲስ ጫንኩት። ሁለቱንም ጊዜ አንቲቫይረሱ «አርፒሲኔትፒ» የሚባል ፋይል አገኘሁ ይለኛል። አጠፋዋለሁ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይመጣል። ሃርድ ዲስክ ቀየርኩ፣ ያው ነው። በዚያ ላይ ቀንና ሰዓቱ ወደ ኋላ እየሄደ ያስቸግረኛል፣ ሲበራም «ቼክሰም ኤረር» የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ጓደኛዬ «ባዮስህ ተጠልፏል፣ ጣለው» አለኝ። እውነት ነው? ባዮሱ ጤነኛ መሆኑንስ በምን ላውቅ እችላለሁ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቆይ እንጂ፣ አትጣለው። ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ተደባልቀውብሃል። ባዮስ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው፣ ቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የተጻፈው ፕሮግራም ነው።

ቀላሉን እናስወግድ። ቀኑ ወደ ኋላ የሚሄደውና ቼክሰም የሚለው ጽሑፍ የሚመጣው ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስላለቀች ነው። ሳንቲም የምትመስል ናት፣ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ትባላለች። ባትሪዋ ስትሞት የባዮስ ሴቲንግ ይጠፋል፣ ስለዚህ የሴቲንጉ ድምር አልገጥም ይላል። የባዮሱ ፕሮግራም ራሱ ተነካ ማለት አይደለም። በዚህች ጽሑፍ ደንግጦ ቦርድ ያስቀየረውን ሰው ቤት ይቁጠረው።

ፋይሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ጓደኛህ ግማሽ በግማሽ ልክ ነው። ለመሥሪያ ቤት ተብለው የሚሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ ባዮሳቸው ውስጥ ኮምፒውትሬስ የሚባል የሌባ መፈለጊያ ይዘው ነው። የካናዳው አብሶሉት ኩባንያ ሥራ ነው። ላፕቶፑ ተሰርቆ ሌባው ዲስኩን ቢያጸዳው፣ ቢቀይረውም እንኳ፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ባዮሱ ያቺኑ ፋይል ዊንዶውስ ውስጥ መልሶ ይተክላታል። እሷም በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ትደውላለች። አንተ የምታየው ምናልባት ይህን ነው። የቀድሞው ባለቤት፣ ትምህርት ቤትም ይሁን ድርጅት፣ አሮጌ ዕቃውን ሲሸጥ ማጥፋቱን ረስቶት ይሆናል። ወይም፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ላፕቶፑ የተሰረቀ ነው።

ባዮስ ውስጥ ግባ። እንደ ላፕቶፑ ኤፍ1፣ ኤፍ2 ወይም ኤፍ10 ነው። ሴኪዩሪቲ በሚለው ሥር ኮምፒውትሬስ ወይም አብሶሉት የሚል መስመር ፈልግ። በርቷል ካለ፣ ፋይሉ ከየት እንደሚመጣ አወቅህ። አንድ ጊዜ ሥራ ከጀመረ ግን አንተ እዚያው ልታጠፋው አትችልም፣ ከአብሶሉት ወይም ከቀድሞው ባለቤት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ደረሰኝህን አትጣል።

መስመሩ ጠፍቷል ካለ፣ ወይም ጨርሶ ከሌለ፣ ፋይሉ ግን አሁንም የሚመለስ ከሆነ፣ ያኔ እኔም እጨነቃለሁ። ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢሴት የተባለው የስሎቫኪያ የአንቲቫይረስ ኩባንያ ሎጃክስ የሚባል ነገር ይፋ አደረገ። ሴድኒት በሚል ስም የሚታወቀው የሰላዮች ቡድን ይህንኑ የሌባ መፈለጊያ ወስዶ የሚደውልበትን አድራሻ ወደ ራሱ ቀይሮታል፣ ከዚያም አልፎ ባዮሱ ያለበት ቺፕ ላይ የራሱን ኮድ ጽፎ ፋይሉ በየጊዜው እንዲመለስ አድርጓል። የፋይሉ ስም እንኳ አንተ የጻፍክልኝ ነው። ዒላማዎቹ በባልካንና በምሥራቅ አውሮፓ ያሉ የመንግሥት ተቋማት ነበሩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ቡድን ለአንተ ላፕቶፕ ጊዜ ያለው አይመስለኝም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላው መስመርህ ነው፦ «ባዮሱን አስከፍቶ ነው የሰጠኝ»።

ብዙ ጊዜ ፓስወርድ የሚከፈተው እንዲህ ነው። ባለሙያው ቺፑን ያጸዳና ከሌላ ተመሳሳይ ላፕቶፕ የተወሰደ ግልባጭ ይጭንበታል። ግልባጩን ከየት አመጣው? ከቴሌግራም ግሩፕ፣ ከማያውቀው ሰው። ውስጡ ምን እንዳለ እሱም አያውቅም። ላፕቶፑ ይነሳል፣ ገንዘቡ ይከፈላል፣ አለቀ። ሰውየው ተንኮለኛ ነው አላልኩም፣ ሥራው በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው። ግን የኮምፒውተርህ መሠረት የተተከለው ማን እንደጻፈው በማይታወቅ ፋይል ላይ ሆነ።

ይህን ለማወቅ ደግሞ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ላፕቶፑን ገልብጠህ ሆዱ ላይ የተለጠፈውን ሴሪያል ቁጥር አንብብ፣ ከዚያ ባዮስ ውስጥ ከሚታየው ጋር አስተያይ። ካልገጠመ፣ ወይም ቦታው ባዶ ከሆነ፣ ወይም «ኢንቫሊድ» ካለህ፣ ቺፑ ወይም ቦርዱ ተነክቷል። መግጠሙ ብቻውን ንጹሕ ነው አያሰኝም፣ ጎበዝ ባለሙያ ቁጥሩን ያስተካክለዋል። አለመግጠሙ ግን ብዙ ይናገራል።

ቀጥሎ የባዮሱን ቨርዥን አይተህ ከአምራቹ ድረ ገጽ ለሞዴልህ የተዘጋጀውን የመጨረሻ ፋይል አውርድ። አምራቹ ሃሽ የሚባለውን ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ከፋይሉ ጎን አውጥቶት ከሆነ ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ፓወርሼል ጌት ፋይል ሃሽ (Get-FileHash) የሚለውን ትእዛዝ ተጠቅመህ አስተያየው። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም ተነካክቷል፣ እንዳትጭነው። ከገጠመ ቻርጀር ሰክተህ ጫን። ብዙ ጊዜ ከአምራቹ የመጣ ንጹሕ ባዮስ በላዩ ላይ መጻፍ ከምርመራ ይልቅ ይጠቅማል።

«አይ፣ እኔ መርምሬ ማየት እፈልጋለሁ» ካልክ፣ ኢሴት ባዮሱን የሚፈትሽ ስካነር አለው። ሊኑክስ የምትጠቀም ከሆነ በአዳዲሶቹ የጂኖም ሴቲንጎች ውስጥ ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ የሚል ገጽ አለ፣ የቱ መከላከያ በርቷል የቱ ጠፍቷል ብሎ ያሳይሃል። ኢንቴል የጀመረው ቺፕሴክ የሚባል ነጻ መሣሪያም አለ። ከአምራቹ ፋይል የንጹሕ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ይሠራልሃል፣ ከዚያ በቺፑ ላይ ያለውን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል። የነዚህ ሁሉ ችግር አንድ ነው። የሚጠይቁት እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሆነው ነው። ባዮሱ ከተጠለፈ ደግሞ መልሱንም ሊያሳምረው ይችላል። ሌባውን ዘበኛ ቀጥረህ «ሌባ መጥቷል?» ብለህ እንደመጠየቅ ነው።

ስለዚህ እርግጠኛው መንገድ ቺፑን ከውጭ ማንበብ ነው። ባለፈው ክረምት የዘመዴን ላፕቶፕ እንዲህ አይቼዋለሁ፣ እሱም እንዳንተ ፓስወርድ ያስከፈተ ነበር። ክዳኑን ፈታሁ፣ ባትሪውን ነቀልኩ። ቺፑ ከጣት ጥፍር ያነሰ፣ ስምንት እግር ያለው ነው፣ አንዱ ጥግ ላይ ነጥብ አለበት። እግሮቹን ቆንጥጦ የሚይዝ ክሊፕ አለ፣ ቀይ ሽቦው የሚውለው በነጥቡ በኩል ነው። ክሊፑ ሲኤች 341 ከሚባለው ርካሽ ማንበቢያ ጋር ይያያዛል፣ እሱ ደግሞ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር። መጀመሪያ ሳነበው ከዳር እስከ ዳር ኤፍ ኤፍ ኤፍ ብቻ። ክሊፑ አልነካም ማለት ነው። አስተካከልኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩ፣ ሁለቱ ግልባጮች አይመሳሰሉም። እንደገና ነቅዬ ተከልኩት፣ አሁን ሦስት ንባብ አንድ ዓይነት 16 ሜጋባይት ሰጠኝ። ይህ ሳይሆን ወደ ቀጣዩ አይኬድም። አንዳንድ ቺፕ ደግሞ በ1.8 ቮልት ነው የሚሠራው፣ ማንበቢያው 3.3 ይሰጠዋል፣ ያቃጥለዋል። ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታጣራ እንዳትነካው።

ከዚያ ግልባጩን ዩኢኤፍአይ ቱል በሚባል ፕሮግራም ከፈትኩት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቺፑን ሙሉ ሃሽ ከአምራቹ ፋይል ሃሽ ጋር ያስተያይና አልገጠመም ብሎ ይጮኻል። መግጠምማ አይችልም! ቺፑ ላይ የአንተ ሴቲንግ፣ ሴሪያል ቁጥርህ፣ አንዳንዴም የኔትወርክ ካርድህ አድራሻ አለ። መመሳከር ያለበት የፕሮግራሙ ክፍል ብቻ ነው። የዘመዴ የፕሮግራም ክፍል ተመሳሳይ ቨርዥን ካለው የአምራቹ ፋይል ጋር ቁልጭ ብሎ ገጠመ። የንብረት ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ላይ ግን ሰምተነው የማናውቀው ትምህርት ቤት ስም ቁጭ ብሏል። ግልባጩ የነሱ ነበር። ዘመዴ እስካሁን «የኔ ትምህርት ቤት» እያለ ይቀልድበታል።

ጥያቄ፦ ባዮስ አፕዴት እያደረግሁ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ ስለማይይዝ አብሮ ጠፋ። አሁን ሲበራ የካፕስ ሎክ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ተስፋ አለው?
ሠራተኛዋ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ አለው። ብልጭ ድርግም የሚለው ራሱ መልእክት ነው፣ ስንት ጊዜ እንደሚል ቁጠሪና ከአምራቹ መመሪያ ጋር አስተያዪው። ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች መጠባበቂያ ባዮስ አላቸው። ኤችፒ ከሆነ የዊንዶውስ ቁልፉንና ቢን አንድ ላይ ይዘሽ ማብሪያውን ተጫኚ። ዴል ከሆነ ቻርጀሩን ነቅለሽ፣ ኮንትሮልና ኤስኬፕን እንደያዝሽ መልሰሽ ሰኪው። ሌላ ከሆነ አምራቹ የሚለውን ተከተዪ። ምናልባት በሌላ ኮምፒውተር የተዘጋጀ ፍላሽ ያስፈልግሻል።

ይህ ካልሠራ ባለሙያ ቺፑን ይጽፈዋል። ግን ከመጻፉ በፊት በቺፑ ላይ ያለውን አንብቦ እንዲያስቀምጥልሽ ንገሪው፣ ግልባጩንም ተቀበዪው። ሴሪያል ቁጥርሽ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ከላይ ያለውን ወንድማችንን አይተሻል። ባትሪ የማይይዝ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ያለ ዩፒኤስ ባዮስ አትንኪ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ኮምፒውተሬ ጠዋት ስከፍተው ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ አምጣ አለኝ። የልጅ ልጄ ነው ሌላ ጊዜ የሚጫወትበት። ተጠልፌ ይሆን?
አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ጋሼ፣ አይመስለኝም። ቢትሎከር ነው፣ ዲስክዎን ቆልፎ የሚጠብቀው። ኮምፒውተርዎ ውስጥ ቲፒኤም የሚባል ትንሽ ቺፕ አለ፣ በተነሳ ቁጥር ከባዮሱ ጀምሮ ያለውን ይለካል። ልኬቱ ከትናንቱ ከተለየ ቁልፉን አልሰጥም ይላል። ዊንዶውስ ሌሊት ባዮሱን አፕዴት አድርጎት ከሆነ ልኬቱ ይለወጣል። ቁልፉን ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ያገኙታል፣ በስልክዎ ገብተው ይፈልጉት። አንዴ ካስገቡት በኋላ ጸጥ ማለት አለበት።

ምንም አፕዴት ሳይኖር በየሳምንቱ የሚጠይቅዎት ከሆነ ግን ባለሙያ ያሳዩት። ከዚያ በፊት ጎኑ ላይ የተሰካ ፍላሽ እንዳለ ይዩልኝ። የልጅ ልጅዎ ትቶት ይሆናል፣ እሱም ልኬቱን ያዛባዋል።