ማግኔት የሚይዘው ስቴንለስ

ጥያቄ፦ 304 ከሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ገዝቼ ሰፈራችን ባለው ብየዳ ቤት የወተት ማቆያ አሠራሁ። ሻጩ «ቅንጣቱ ደቃቅ ነው፤ አይዝግም» ብሎኝ ነበር። ማታ ማታ በበረኪና አጥበዋለሁ። በአራተኛው ወር ከብየዳው ግራና ቀኝ ቡናማ መስመር ወጣ፤ የታጠፈውን ጠርዝም ማግኔት ይይዘዋል። ተራ ብረት ሸጦልኝ ይሆን?
የወተት ነጋዴ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ማግኔቱ አያስደንግጥዎት። 304 ሳይሞቅ ሲታጠፍ የውስጥ አደረጃጀቱ በከፊል ስለሚለወጥ ጠርዙ ይሳባል። ያልታጠፈውን መሃሉን ይሞክሩት፤ እዚያም አጥብቆ ከያዘ ያን ጊዜ ሻጩን ይጠይቁት።

የቅንጣቱን (ብረቱ የተገነባባቸውን ጥቃቅን ክሪስታሎች) ወሬ በተመለከተ ሰውዬው ግማሽ እውነት ነግሮዎታል። ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየም ነው፤ በ304 ውስጥ 18 በመቶ ገደማ አለ። ብረቱ ከ450 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ሲቆይ በውስጡ ያለው ካርቦን በቅንጣቶቹ ድንበር ላይ ክሮሚየሙን ይቀማል፤ ዝገትም በተራቆተው ድንበር ይገባል። ቅንጣቱ ደቃቅ ሲሆን ድንበሩ ስለሚበዛ ጉዳቱ ሳስቶ ይሰራጫል። ነገር ግን ከብየዳው አጠገብ ያለው ቅንጣት በሙቀቱ ያድጋል። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ደቃቅነት እዚያ ምን ዋስትና ይሆናል?

እኔም በወጣትነቴ በዚሁ ተቀጥቻለሁ። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 304 እየደጋገምኩ በየድኩ። ዓመት ሳይሞላው ከብየዳው ጎን አፈሰሰ፤ በመሮ ስነካው እንደ ስኳር ተፈረፈረ። ለእንዲህ ያለው ወፍራም ሥራ ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ የማይበልጠው 304ኤል ነበር የሚያስፈልገው።

የእርስዎ ላሜራ ግን ስስ ነው፤ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ካርቦኑ ጊዜ አያገኝም። የእኔ ጥርጣሬ በያጁ ላይ ነው። ከብየዳው ጎን የሚቀረውን ሰማያዊና ቡናማ የቃጠሎ ቀለም አንስቶት ነበር? ተራ ብረት ባጸዳበት የሽቦ ብሩሽ ከፈተገውም የብረት ብናኝ ተክሎበታል፤ የሚዝገው መጀመሪያ ያ ብናኝ ነው። ከዚያ በኋላ በረኪናው ደካማውን ቦታ ማታ ማታ ይበሳዋል።

በረኪናውን ዛሬውኑ ያቁሙና በብዙ ውኃ ያለቅልቁ። በያጁ ስቴንለስ ብቻ በነካ አዲስ ማለስለሻ ዲስክ ቀለሙን እስኪጠፋ ያንሳው፤ ቀጥሎ በውኃ በተበጠበጠ ሲትሪክ አሲድ ይታጠብ። በረኪና የቀረበት ዕቃ ላይ አሲድ እንዳያፈሱ አደራ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ለዕለት እጥበት ክሎሪን የሌለው የወተት ዕቃ ማጠቢያና የፈላ ውኃ ይበቃዎታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ መስመሩ በዚያው ቦታ ከተመለሰ በጥፍርዎ ይዳብሱት፤ ጉድጓድ ከተሰማዎት ያ ክፍል ተቆርጦ ይቀየር።