ስም በፊደል ተራ፣ ዶርም በወገን ተራ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የተማሪዎች ዲን ሆኜ ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም። አዲስ ገቢዎችን ሳናዳላ በስማቸው ፊደል ተራ ዶርም ደለደልናቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ብሎኮቹ በቋንቋና በሃይማኖት ተለያይተው ቁጭ አሉ። የአንድነት ቀን አዘጋጀን፤ የባህል ልብስ ለብሰው አብረው ጨፈሩ፣ ማታ ሁሉም ወደየወገኑ ገባ። ምን ይሻላል? (ከከዚራ)

መልስ፦ ከድግሱ በፊት ዝርዝሩን ይዩት። የፊደል ተራ የማያዳላ ይመስላል እንጂ ያዳላል፤ አብዲ፣ አብዱላሂና አብዱረህማን አንድ ክፍል፣ ገብረማርያምና ገብረሥላሴ ሌላ ክፍል ይወድቃሉ። ኤክሴል ላይ በአንድ ባዶ ዓምድ ለእያንዳንዱ ተማሪ በ=RAND() ቀመር የዘፈቀደ ቁጥር ያውጡ። ቁጥሮቹን ኮፒ አድርገው ቀመሩን ትተው ዋጋቸውን ብቻ መልሰው ይለጥፉ፤ አለዚያ ፋይሉ በተነካ ቁጥር ይቀያየራሉ። ከዚያ ሙሉውን ሠንጠረዥ (ዓምዱን ብቻ ከደረደሩ ስምና መታወቂያ ይፋለሳል) በቁጥሩ ደርድረው ክፍሉ ስድስት ሰው የሚይዝ ከሆነ በየስድስቱ ይቁረጡት። በመጨረሻ በዓይን ይዩት። አምስቱ በማይገባው ቋንቋ ሲያወሩ የሚያድር ልጅ ዶርም ልቀይር ቢል አይፈረድበትም፤ የቋንቋ ጓደኛ ይጨምሩለት።

ዝርዝሩ የሚፈርሰው ፕሮክተሩ (የዶርሙ ተቆጣጣሪ) በቃል «እሺ» ሲል ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ልውውጥ ይዝጉ፤ ከዚያ በኋላ በጽሑፍና አንድ ለአንድ ይሁን። ጤናና ጠብ ግን ቀን አይጠብቁም።

አካል ጉዳተኞችን ከዕጣው በፊት ግራውንድ ላይ ይመድቡ። በድሬ ሙቀት ከጣሪያ ሥር ማደር የሚፈልግ ስለሌለ የሕክምና ወረቀት ይጎርፍብዎታል፤ ይጠንቀቁ። የዊልቸር መወጣጫ ልኩ 1 ለ12 ነው (ለአንድ ከፍታ አሥራ ሁለት ርዝመት)፤ በሩ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ 5 ሜትር ከ40 ይረዝማል። ብዙ ቦታ የምናየው የሁለት ሜትር የሲሚንቶ መወጣጫ በርሜል ለማንከባለል እንጂ ለዊልቸር አይሆንም።

ካፌ ውስጥ ነገር የሚነሳው ከጭልፋ ነው። የሥጋው ጭልፋ ሽሮ ውስጥ ከገባ ጿሚው ሳይበላ ይወጣል፤ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ድስት ከተምታታ ደግሞ ግቢው በሙሉ ይታመሳል። ድስቱንም ጭልፋውንም በቀለም ይለዩ። ረመዳንና ዐቢይ ጾም በሚገጥሙበት ዓመት ወጥ ቤቱ ሁለት ፈረቃ ያስፈልገዋል፤ ሰሁር (ጿሚው ሙስሊም ሌሊት የሚበላው) ከሱብሂ (የንጋት ሶላት) አዛን በፊት ተበልቶ እንዲያልቅ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይቅረብ፣ የዐቢይ ጾም ጿሚው ምሳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆይ።

ፍሬሽማኖች የሚወስዱት አካታችነት የሚባል ኮርስ አለ። እዚያም ቢሆን ግሩፑን ተማሪው ከመረጠ የሚሠራው ከዶርሙ ልጅ ጋር ነው፤ መምህራኑ ይመድቡ።

ማስታወቂያ በአማርኛ ዛሬ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ነገ ከወጣ ወሬ ቀድሞ ይተረጉመዋል። ሦስቱንም በተመሳሳይ ሰዓት ይለጥፉ።