11ኛው ሰው ሲገባ ሰርቨሩ ለምን ቀጥ ይላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ አከፋፋይ ድርጅት አይቲ ክፍል ነው። የመጋዘን ሲስተማችን በዶት ኔት 3.5 የተሠራ የቆየ የደብሊው ሲ ኤፍ (ፕሮግራሞች በኔትወርክ የሚነጋገሩበት የማይክሮሶፍት መሥሪያ) ሰርቪስ ነው። ቅርንጫፎቹ የሚገናኙት ግንኙነቱን ክፍት አድርጎ በሚይዘው በኔት ቲ ሲ ፒ ነው። ጠዋት ሁሉም ሥራ ሲጀምር ቀጥ ይላል፤ ክላየንቶቹ (የቅርንጫፎቹ ፕሮግራሞች) ታይምአውት ይላሉ። ሪስታርት ሳደርገው ይነሳል። አንዳንዴ ሳልነካውም 10 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ራሱ ይለቃል። ፕሮሰሰሩም ሜሞሪውም አልተጨናነቁም። ጓደኛዬ «ሲንግል አድርጊውና ተገላገይ» አለኝ። ልስማው?
ከሐዋሳ

መልስ፦ አትስሚው።

10 ደቂቃ ማለትሽ ብዙ ነገር ነገረኝ። ሰርቨርሽ አልደከመም፤ ቦታ ሞልቶበት ነው። ደብሊው ሲ ኤፍ ካልነካሽው በ«ፐር ሴሽን» ይሠራል፤ ሴሽን ማለት አንድ ክላየንት ከሰርቨሩ ጋር የከፈተው ግንኙነት ነው። በኔት ቲ ሲ ፒ ለሚመጣ ለእያንዳንዱ ፕሮክሲ (ክላየንቱ ሰርቨሩን የሚጠራበት ወኪል) ሰርቨሩ ላይ የራሱ ኦብጀክት ይፈጠርለታል። ኦብጀክቱ የሚለቀቀው ፕሮክሲው ሲዘጋ ነው። ካልተዘጋ ሰርቨሩ ይጠብቃል፤ 10 ደቂቃ ሙሉ ድምፅ ከጠፋ ነው የሚቆርጠው። «ሪሲቭ ታይምአውት» የሚባለው ይህ ነው። በ3.5 ደግሞ፣ ካልቀየርሽው፣ በአንዴ የሚፈቀደው 10 ሴሽን ብቻ ነው። ቡናውን ጨርሶ ወንበሩን ያልለቀቀ ደንበኛ ሲበዛ 11ኛው በር ላይ ይቆማል።

ስለዚህ መጀመሪያ የክላየንቱን ኮድ ክፈቺ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁልፍ በተነካ ቁጥር አዲስ ፕሮክሲ የሚፈጥር፣ ግን «ክሎዝ» የማይል ቦታ እንደምታገኚ እወራረዳለሁ። ስታስተካክዪው በ«ዩዚንግ» (ሥራው ሲያልቅ «ዲስፖዝ»ን ራሱ በሚጠራው የኮድ ትዕዛዝ) አትጠቅልዪው። እጃችን የለመደው እሱን ነው፣ አውቃለሁ። ግን ግንኙነቱ ቀድሞ ከተበላሸ «ዲስፖዝ» ራሱ «ክሎዝ»ን ይጠራና ሌላ ኤክሴፕሽን (የስህተት መልእክት) ይወረውራል። ዋናው ስህተት እዚያው ይቀበራል። በቀጥታ «ክሎዝ» በዪ፤ እምቢ ካለ «አቦርት»፣ ማለትም በግድ ቁረጪው።

ሲንግል ማለት ለሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ኦብጀክት ማለት ነው። እንዲሁ ከተውሽው ጥሪዎቹ ተራ በተራ ይስተናገዳሉ፤ ጠዋት ላይ ወረፋው አይጣል! ብዙ ጥሪ በአንዴ ያስተናግድ ካልሽ ደግሞ የሎኩ ጣጣ (ጥሪዎቹ አንዱን ዳታ በአንዴ እንዳይነኩ መጠበቁ) የአንቺ ነው። የሴሽኑ ገደብም እንዳለ ይቆያል።

እኔ ብሆን «ፐር ኮል» አደርገው ነበር። ለእያንዳንዱ ጥሪ አዲስ ኦብጀክት ይፈጠራል፤ ሥራው ሲያልቅ ይሄዳል። ግማሽ የደረሰ ትዕዛዝ ካለ በቁጥሩ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ኦብጀክቱ ሆድ ውስጥ አይደር። ግን ፐር ኮል አደረግሁ ብለሽ መዝጋቱን እንዳትተዪው። ኦብጀክቱ ቢሄድም ቻናሉ (ግንኙነቱ) ክፍት እስካለ ድረስ ከ10ሩ አንዱን ይዟል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ገደቡን ከፍ ማድረግስ? ዶት ኔት 4 ራሱ በአንድ ፕሮሰሰር 100 አድርጎታል። ግን ያልተዘጋው ፕሮክሲ እዚያም አለ፤ ቀኑ ይራዘማል እንጂ መሙላቱ አይቀርም። ለነገ ጠዋት ግን ይጠቅምሻል። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ «ማክስ ኮንከረንት ሴሽንስ»ን 100 አድርጊና ሰርቪሱን አስነሺው። የተስተካከለውን ክላየንት በየቅርንጫፉ እስክታዳርሺ ጊዜ ይሰጥሻል።