የሰበር ውሳኔ በአንድ መስመር ሲላክልህ አትደንግጥ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባትህ ቤቱን ከሃያ ዓመት በፊት በምስክሮችና በሽማግሌ ፊት በተጻፈ ውል ገዝተው እስከ ዛሬ ኖረውበታል፤ ውልና ማስረጃ ግን ሄደው አያውቁም። አሁን አንድ ሰው በቴሌግራም «ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል ፈራሽ ነው፣ ሰበር ወስኗል» የሚል መስመር ላከልህ (ሰበር የሚባለው በመጨረሻ ፍርድ ላይ ያለ የሕግ ስህተትን የሚያርመው ችሎት ነው)። «አለቀልን ወይ?» ነው ጥያቄህ።

አላለቀም። የተላከልህም ነገር ግን ውሸት አይደለም፤ ግማሽ ነው። በነገረ ፈጅነት ስሠራ እንዲህ ባለ ግማሽ ነገር ችሎት ፊት ተዋርጄ ስለማውቅ ትንሽ ላርዝመው።

የነገሩ ሥር የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም ብሎ ያቆማል። ቁጥር 1723 ደግሞ ጽሑፉ ብቻ አይበቃም፣ ፍርድ ቤት ወይም የማዋዋል ሥልጣን ያለው አካል ዘንድ ይሁን ይላል። ታዲያ የትኛው ይበልጣል? ምዝገባው ለውሉ መኖር ነው ወይስ ሦስተኛ ወገንን ለመከላከል? ባለሙያው ለብዙ ዓመት ሁለት ቦታ ተከፍሎ ተከራከረ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ቁጥር 1723ን መረጠ፤ ያልተመዘገበ ውል አይጸናም አለ። በቁጥር 1720 አነጋገር ሕጉ ያዘዘውን ፎርም ያላሟላ ውል ረቂቅ ነው። ለአንተ የደረሰህ መስመር የዚህ ውሳኔ ልጅ ይመስለኛል።

ውሳኔው የዚያን ጊዜ ብዙ ሰው አስደነገጠ። ባንኮችም መያዣ የያዙባቸው ውሎች ውልና ማስረጃ ያልደረሱ ስለነበሩ ነገሩ እነሱንም ነካ። በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 639 ወጥቶ ከባንክና ከአነስተኛ የፋይናንስ ተቋም ለሚወሰድ ብድር የሚደረግ የመያዣ ውል ከዚህ ግዴታ ወጣ። የተራው ሰው የቤት ሽያጭ ግን እዚያው ቀረ። (ይህንን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም። ባንክ የራሱ ጠበቃ አለው፤ ሕጉን ያላወቀው በሽማግሌ ፊት የገዛው ሰው ነው።)

ከዚያ በኋላ ግን ሰበር ራሱ ነገሩን አለዘበው። ሻጩ ችሎት ቀርቦ «አዎ ሸጫለሁ፣ ገንዘቡንም ተቀብያለሁ» ካለ፣ ማለትም ውሉን ካልካደ፣ ውልና ማስረጃ አልሄደም ተብሎ ብቻ ውሉ አይፈርስም የሚል አቋም የያዙ ውሳኔዎች መጡ። ላኪህ ይህንን አልላከልህም።

አሁን ወደ ራሴ ውርደት። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ እያለሁ አንድ ሠራተኛ አምስት ተከታታይ ቀን ቀርቶ ያለ ማስጠንቀቂያ ተሰናበተ። እኔ የሰበር ቅጽ፣ ማለትም ውሳኔዎቹ ታትመው የሚወጡበትን መጽሐፍ፣ ገልብጬ ልክ የኛን የሚመስል ውሳኔ አገኘሁ፣ መልሱን በእሱ ላይ ገነባሁ፣ ተደስቼም ገባሁ። ዳኛዋ አንብበው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ይህ ውሳኔ በየትኛው አዋጅ ነው የተሰጠው?» ውሳኔው የተሰጠው በአዋጅ 377/1996 ነበር። በዚያ አዋጅ አምስት ተከታታይ የሥራ ቀን መቅረት ለስንብት ይበቃል። ሠራተኛው የተሰናበተው ግን አዋጅ 1156/2011 ከወጣ በኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ይላል። «ማስጠንቀቂያው የታል?» አሉኝ። የለም። ውሳኔው ትክክል ነበር፣ ሕጉ ግን ተለውጦ ነበር። ድርጅቱ ተረታ፤ እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ቀኑንና አዋጁን ሳላይ ውሳኔ አልጠቅስም።

የሰበር ውሳኔ አስገዳጅ ነው የሚባለው ነገርም በደንብ አልተያዘም። አዋጅ 454/1997 ከጸደቀ ጀምሮ አምስትና ከዚያ በላይ የሰበር ዳኞች የሚሰጡት የሕግ ትርጉም የታችኞቹን ፍርድ ቤቶች፣ የክልሎቹንም ጭምር ይገዛል። የሚገዛው የሕጉ ትርጉም ነው እንጂ «ገዢ ተረታ» የሚለው ውጤት አይደለም። የአንተ አባት ነገር ከዚያኛው ገዢ ነገር ካልገጠመ ውጤቱም አይገጥምም። በቀድሞው አዋጅ ችሎቱ ሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም መስጠት ይችል ስለነበር አንዱ ቅጽ ሌላውን ሲያፈርስ አይተናል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1234 የቀደመ አስገዳጅ ትርጉም የሚለወጠው ከሰባት ባላነሱ ዳኞች ነው በማለቱ ነገሩ ትንሽ ሰከነ። ለእኔ የዚያ አዋጅ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው።

ስለዚህ ውሳኔው ሲላክልህ ሙሉውን ጠይቅ። ከላይ ያለችዋን ማጠቃለያ እለፋት። «የጉዳዩ አመጣጥ» የሚለውን አንብብ፤ ማን ካደ፣ ማን አመነ፣ ቤቱ በማን እጅ ነበር፣ የሚለው እዚያ ነው። ከዚያ «እኛም» ብሎ ወደሚጀምረው ወደ ችሎቱ ምርመራ ሂድ። የሐሳብ ልዩነት፣ ማለትም በውሳኔው ያልተስማማ ዳኛ የጻፈው፣ ካለው እሱንም አትዝለል፤ የዛሬው የአናሳው ሐሳብ ነገ የአብላጫው ሆኖ ሲመጣ አጋጥሞኛል።

ወደ ቤታችሁ ልመለስ። ዋናው ጥያቄ ሻጩ በሕይወት አሉ ወይ የሚለው ነው። ካሉና ካላኮረፉ፣ ክስ ሳይሆን ትራንስፖርት ከፍለህ ውልና ማስረጃ ይዘሃቸው ሂድ፤ የቤቱ ካርታና ሌላው ሰነድ የተሟላ መሆኑን ግን አስቀድመህ አጣራ። ካረፉ ነገሩ ይከብዳል፤ ወራሾች «ፊርማውን አናውቀውም» ማለት ይችላሉና። ያኔ በውሉ ላይ የፈረሙት ምስክሮች፣ የገንዘብ መቀበያው፣ አባትህ ግብር የከፈሉበት ደረሰኝ ሁሉ ያስፈልጋል። ውሉ ፈራሽ ቢባል እንኳ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1815 ተዋዋዮቹ እንደ ቀድሞው ይሁኑ ስለሚል ባዶ እጅ አትወጡም፤ ግን ያኔ የተከፈለው ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ አንተም ታውቃለህ። ለዚህ ነው ሻጩ እያሉ ፍጠን የምልህ። የገጠር መሬት ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም ስለሚል የምዝገባ ክርክር ውስጥም አይገባም።

ሻጩ አሉ ወይስ የሉም፣ እሱን ጻፍልኝና እቀጥላለሁ። ውሉን ግን ፎቶ አንስተህ እዚህ አትለጥፈው፣ የሰው ስምና የቤት ቁጥር አለበት።