አገር ቤት ውርስ ላላችሁ ወገኖች

የውጭ ዜግነት ከወሰድኩ በኋላ የወላጆቼን ቤት መውረስ እችላለሁ ወይ የሚለው ጥያቄ ለቅሶ በተቀመጥንበት ቤት ሁሉ ይነሳል። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚምታታው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድነት ስለሚጠየቁ ነው፤ አንደኛው ወራሽ ነኝ ወይ የሚለው ሲሆን ሁለተኛው የወረስኩትን ቤት በስሜ አዛውሬ መያዝ እችላለሁ ወይ የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማያሻማ መልስ አለው፤ አንቀጽ 837 የወራሹ ጾታ፣ ዕድሜም ሆነ ዜግነት በወራሽነት መብቱ ላይ ምንም ለውጥ እንደማያመጣ ይደነግጋል። ስለዚህ «አንተማ አሜሪካዊ ሆነሃል፣ እዚህ ምን አለህ» የሚላችሁ ዘመድ ቢያጋጥማችሁ በሕግ ረገድ ተሳስቷል፤ በቁጣ ሳይሆን አንቀጹን ጠቅሳችሁ አስረዱት።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን የተለየ መልስ አለው። ያው ሕግ በአንቀጽ 390 የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክላል። ይህን ክልከላ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ያነሳው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ሲሆን፣ ቢጫ ካርድ እያልን የምንጠራው መታወቂያ የሚሰጠውም በዚሁ አዋጅ ነው። ራሱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ብቻ ሳይሆን ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረለት ሰው ካርዱን ማግኘት ይችላል፤ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ትቶ የኤርትራ ዜግነት የወሰደ ሰው ግን በአዋጁ አይታቀፍም። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ ዜጎች በቅድመ ሁኔታ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚፈቅድ ሕግ አጽድቋል፤ ለእኛ ግን አጭሩ መንገድ አሁንም ቢጫ ካርዱ ነው። ካርዱን ወላጅ ካረፈ በኋላ ሳይሆን ዛሬ አውጡት፤ ውጭ አገር ተወልደው ላደጉ ልጆቻችሁም አውጡላቸው፤ ነገ ወራሾቹ እነርሱ ናቸውና።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ እንድረስ። በእኔ እምነት ውጭ አገር ያለው ወራሽ መብቱን የሚያጣው ዜግነት ስለቀየረ ሳይሆን ዝም ብሎ በመቆየቱ ነው። ወላጅ ሲያርፍ አገር ቤት ያሉት ልጆች ፍርድ ቤት ቀርበው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 996 መሠረት የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ማመልከቻው የሚቀርበው ሟቹ በሞቱ ጊዜ ዋና መኖሪያቸው በነበረበት ቦታ ነው። የሞት የምስክር ወረቀት ይቀርባል፣ ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮች ይሰማሉ፣ ፍርድ ቤቱም የቀረበለትን አይቶ ማስረጃውን ይሰጣል። ባሕር ማዶ አንድ ልጅ እንዳለ ማንም ካልነገረው ፍርድ ቤቱ በራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ ስማችሁ የሚቀረውም ሁልጊዜ በክፋት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ «እሷ እዚያ ደኅና ናት፣ አያስፈልጋትም» በሚል ቅን በሚመስል ግምት ነው። በዚህ መንገድ የተሰጠ ማስረጃ እንዲሻር መጠየቅና ውርሱን ይዞ በተገኘው ሰው ላይ ክስ መመሥረት ይቻላል። ነገር ግን አንቀጽ 1000 ጊዜውን ይገድበዋል፤ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላው መያዙን ካወቀ ጀምሮ ሦስት ዓመት ካለፈ ክሱ በይርጋ ይታገዳል፤ ባያውቅ እንኳ ከሟቹ ሞት ወይም መብቱን ሊሠራበት ከቻለበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ሲሞላ፣ ከቤተ ዘመድ ርስት (ከዘር ሲወርድ ከመጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት) በቀር፣ በሩ ይዘጋል። «ለተዝካሩ ስመጣ እንነጋገራለን» እየተባባሉ ዓመት በዓመት ላይ የሚጨምሩ ወንድማማቾች ሳያስቡት የሚያጡት እነዚህን ሦስት ዓመታት ነው። ስለዚህ ክፍፍሉ ቢዘገይም፣ እናት በቤቱ እስካሉ ድረስ ማንም ባይነካውም፣ የወራሽነት ማስረጃው የሁሉንም ልጆች ስም ይዞ በጊዜው ይውጣ።

ከወራሾቹ አንዱ የውጭ ዜጋ መሆኑ ጉዳዩን የሚያየውን ፍርድ ቤት ሊቀይር ስለሚችል፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት የትኛው ፍርድ ቤት ሥልጣን እንዳለው ጠበቃችሁ አጣርቶ በጽሑፍ ይንገራችሁ። ሥልጣን በሌለው ፍርድ ቤት የተሰጠ ማስረጃ በኋላ ለሚመጣ ተከራካሪ ጥሩ መሣሪያ ይሆናል።

ስለ ውክልና ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፤ ብዙ ቤት የጠፋው በዚህ በኩል ነውና። የመጀመሪያው ነገር፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። አባታችሁ በሕይወት ሳሉ ለታላቅ ወንድማችሁ የሰጡት ውክልና አባታችሁ ባረፉበት ቀን ሥራውን ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ወረቀት የተፈረመ የሽያጭ ውል የክርክር ምንጭ ነው። ሁለተኛው፣ «ስለ እኔ ሆኖ ማንኛውንም ነገር እንዲያደርግ» የሚለው ጠቅላላ አነጋገር ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም። በአንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና በዋስትና ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ለመክሰስና መልስ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ይህ ገደብ ለእናንተ ጥበቃ ነው፤ በአንድ ወረቀት ሁሉን ነገር አትስጡ። ለወራሽነት ማስረጃ ብቻ የሚሆን ውክልና ብትጽፉ ፍሬ ነገሩ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «የአባቴን የአቶ እገሌን የወራሽነት ማስረጃ በስሜ እንዲያወጣ፣ ለዚህም ፍርድ ቤት እንዲያመለክት፣ ምስክር እንዲያሰማና ውሳኔውን እንዲቀበል፤ ንብረቱን መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ፣ በዋስትና ማስያዝም ሆነ ሌላ ሰው መወከል ግን አይችልም።» መሸጥ ቢያስፈልግ ያን ጊዜ ቤቱንና የካርታውን ቁጥር ጠቅሶ ሌላ ውክልና ይሰጣል። ሰነዱን በምትኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፈርሙ፤ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይመዘገባል። መሻር ስትፈልጉም በስልክ «ሽሬሃለሁ» ማለት አይበቃም፤ መሻሪያው ውክልናው በተመዘገበበት ቦታ መድረሱን አረጋግጡ።

የስም ጉዳይ እንደ ትንሽ ነገር ይታለፋል፤ ፋይሉን የሚያስቆመው ግን ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። አንዲት እህታችን በትምህርት ማስረጃዋ በአባቷና በአያቷ ስም ትታወቃለች፤ በፓስፖርቷ አያቷ የቤተሰብ ስም ሆነው የአባቷ ስም በአንድ ፊደል አጥሮ ተጽፏል፤ ካገባች በኋላ ደግሞ የባሏን ስም ይዛለች። ፍርድ ቤቱ ፊት የምትቀርበው የማን ልጅ እንደሆነች ስሟ የማይናገር ሴት ሆና ነው። ዜግነት ስትወስዱ የተሰጣችሁን የስም ለውጥ ውሳኔ፣ የጋብቻና የልደት የምስክር ወረቀቶቻችሁን፣ የድሮውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ጭምር ጠብቁ፤ አስተርጉሙና አስረጋግጡ። የድሮ ፓስፖርታችሁን ከጣላችሁት በቤተሰብ እጅ የቀረ ፎቶ ኮፒም ይጠቅማልና ጠይቁ።

ማን ምን እንደሚወርስ በምትኖሩበት አገር ልማድ አትገምቱ። ኑዛዜ በሌለበት ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም እኩል ነው። ባል ወይም ሚስት ግን በእኛ ሕግ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደሉም፤ ድርሻቸው የሚመጣው ከውርስ ሳይሆን ከጋራ ንብረት ነው። ስለዚህ አባት ሲሞቱ የእናት ግማሽ መጀመሪያ ይወጣል፣ ውርስ የሚባለውም የቀረው ግማሽ ብቻ ነው። ይህን ሳያውቁ እናታቸውን ወራሽ አድርገው ያስቆጠሩ፣ ወይም ቤቱን ሁሉ እንደ ውርስ ቆጥረው ሊከፋፈሉ የተነሱ ቤተሰቦች አሉ። የቀበሌ ቤት የኪራይ ቤት ስለሆነ በባለቤትነት አይወረስም፤ የገጠር መሬትም በየክልሉ የመሬት ሕግ የሚመራና ከይዞታው ኑሮውን ለሚገፋ የቤተሰብ አባል ቅድሚያ የሚሰጥ በመሆኑ ውጭ ያለ ልጅ ብዙ ተስፋ ባይጥልበት ይሻላል።

ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። «ፍርድ ቤት ከመመላለስ» በሚል ቤቱን በስጦታ ወይም በሽያጭ ስም ወደ አንዱ ልጅ ለማዛወር የሚመከሩ አረጋውያን ብዙ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት ውጭ ቀድሞ የተያዘ ቦታ) ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በማናቸውም መንገድ ለሌላ ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በውል ከመንግሥት ወደሚያዝበት ሥርዓት ይገባል፤ በውርስ ሲተላለፍ ግን ነባርነቱን እንደያዘ ይቀራል። በዚህ ላይ ስጦታው የሌሎቹን ልጆች ልብ ይሰብራል። የተሻለው በሥርዓቱ የተደረገ ኑዛዜ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡም በሰነዱ ላይ መጠቀስ፣ ቀን መያዝና ወዲያውኑ በሁሉም መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። «ተነቦልን» የምትለዋ ቃል በመቅረቷ የሚያከራክር ኑዛዜ ጥቂት አይደለም። ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት ላይ በጋራ ቢናዘዙ ኑዛዜው ዋጋ የለውም፤ ውጭ አገር በጋራ መናዘዝን ለለመዳችሁ ይህ ትልቅ ማሳሰቢያ ነው።

ውጭ አገር የኖረ ወላጅ ሲያርፍ የሚኖርበት አገር ፍርድ ቤት ውሳኔ አዲስ አበባ ያለውን ቤት በራሱ አያዛውርም። የውጭ ፍርድ በኢትዮጵያ እንዲፈጸም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ልዩ ማመልከቻ ይጠይቃል፤ ከቅድመ ሁኔታዎቹም አንዱ ያ አገር የእኛን ፍርዶች የሚያስፈጽም መሆኑ ነው። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለውን የአውሮፓ ኅብረት የውርስ ደንብ ቁጥር 650/2012 እወቁ፤ ከዴንማርክና ከአየርላንድ በቀር በአባል አገሮቹ ውርሱን የሚገዛው ሟቹ ይኖርበት የነበረው አገር ሕግ ሲሆን፣ ሰው በኑዛዜው የዜግነት አገሩን ሕግ መምረጥ ይችላል። ኢትዮጵያ ላለው ንብረት ግን አገር ቤት ራሱን የቻለ ኑዛዜ ማኖር ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ጠበቃ ስትይዙ የጥብቅና ፈቃዱን ቁጥር ጠይቃችሁ አረጋግጡ፤ ውላችሁ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያው በደረጃ ተከፋፍሎ ይቀመጥ፤ የመዝገቡን ቁጥርና የቀጠሮውን ቀን ከእርሱ በቀር ሌላ የቤተሰብ ሰው ይያዘው። ደላላና ጉዳይ አስፈጻሚ ጠበቃ አይደለም። አንዱ ወንድማችሁ የያዘው ጠበቃም የእርሱ እንጂ የእናንተ አይደለም፤ ጥቅማችሁ ከተለያየ የራሳችሁን ያዙ።

ቤቱ ተሽጦ ገንዘብ ሲከፋፈል በኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በተገኘ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ሊኖር ስለሚችል ድርድሩን ከዚህ ጋር አስሉ። አሜሪካ የምትኖሩ ውርስ እንደ ገቢ አይታሰብባችሁም፤ ሆኖም ከውጭ አገር ሰው በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ከወረሳችሁ ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት በቅጽ 3520 ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ቅጣቱም ከተገኘው ንብረት እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። ድርሻችሁ አገር ቤት ባለ የባንክ ሒሳብ ተቀምጦ ከሌሎች የውጭ ሒሳቦቻችሁ ጋር በዓመቱ ውስጥ ከ10,000 ዶላር ካለፈም ለብቻው የሚቀርብ የውጭ ሒሳብ ማሳወቂያ አለ፤ ሁለቱንም ለሒሳብ ባለሙያችሁ ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ንገሩት።