ታንኳ ሠሪዎችን ፎቶ ማንሳት እንጀራ ይሆናል?

ውድ የባሕር ዳር ጠያቂያችን፣ ዘንድሮ እንደምትመረቂና የጣናን ታንኳ ሠሪዎች ሥራ በፎቶ መሰነድ እንደምትፈልጊ ጽፈሽልናል፤ ቤተሰቦችሽ ግን «ሠርግ ካላነሳሽ ምን ትበያለሽ?» ይሉሻል።

እውነታቸውን ነው፤ ሠርጉን አትተዪ። ፍራንክ ሜዶው ሳትክሊፍ (እ.ኤ.አ. 1853–1941) ዊትቢ በምትባል የእንግሊዝ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ስቱዲዮ ነበረው። የሚተዳደረው ለዕረፍት የሚመጡ እንግዶችን እያነሳ ነው። ስሙን ያስጠራው ግን ወደቡ ላይ ያነሳቸው የአገሬው ሰዎች ናቸው። በዘመኑ በመስታወት ሰሌዳ ላይ የሚነሳ ፎቶ ብዙ ብርሃን ስለሚፈልግ ሰው ሳይነቃነቅ መቆም ነበረበት፤ ስለሚያውቁት ይቆሙለት ነበር። ስቱዲዮውን ሸጦም በከተማው ሙዚየም በኃላፊነት ሠርቷል።

አንቺም ሐይቁን ሁሉ ላንሳ አትበዪ። ከነገደ ወይጦ አንድ የታንኳ ሠሪ ቤተሰብ ተዋወቂና ደንገሉ ከሚታጨድበት ቀን ጀምሪ፦ ሲደርቅ፣ ሲታሰር፣ ውሃ ሲገባ፣ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ተጎትቶ ወጥቶ ፀሐይ ሲሰጥ። እስሩ ሲጠብቅ የሠሪውን እጅ ከቅርብ አንሺ፤ ቀጥሎ ሙሉ ሰውነቱን፣ ከዚያ የሚሠራበትን ቦታ። ጀማሪ ሁሉ የሚያነሳው ጀምበር ስትጠልቅ የሚታየውን የታንኳ ጥላ ነው፤ ያምራል፣ ግን ታንኳው እንዴት እንደተሠራ አያሳይም።

ጀልባ ላይ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) አይረዳሽም፤ የሹተሩን ፍጥነት 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ፈጣን አድርጊ። ውሃው ሲያንጸባርቅ ካሜራው ይታለልና ፊት ይጠቁራል፤ ብርሃኑን ከፊት ላይ ለኪ፣ ውሃው ቢነጣ ይሻላል።

ሥራሽን ዋጋ የሚያሰጠው ከሥዕሉ ጋር የሚቀመጠው ጽሑፍ ነው፦ የሰውየው ስም፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ መሣሪያው በሠሪው አፍ የሚጠራበት ስም። የካሜራውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አትሙዪ፤ ጠዋት 1 ሰዓት 7:00 ካልተባለ የጠዋቱ ሥራ ሌሊት እንደተሠራ ሆኖ ይመዘገባል። ለተነሳው ሰው ፎቶውን አሳትመሽ ውሰጂለት። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ዙሪያውን ተሰብስቦ ያመለጠሽን ስም ሁሉ ይነግርሻል።

ፋይሉን በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጠሽ ሁለት የተለያየ ቤት አስቀምጪ። በክረምት ሌንስ በቆዳ ቦርሳ ውስጥ ይሻግታል፤ ክዳኑ በሚገጥም ሳጥን እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ይቀመጥ። የጣና ደሴት ገዳማት ከሆኑት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት ስለማይገባ በዕቅድሽ አታካትቻቸው፤ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትገቢያለሽ።

ገንዘቡን በተመለከተ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አንብቢ። ፎቶ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺው ስም ምልክት ወይም አድራሻ ሲኖርበት ነው፤ ስለዚህ ስምሽን ሳታሰፍሪ አትልቀቂ። በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ደግሞ ሌላ ውል ከሌለ የአዛዡ ይሆናል። ሆቴልም ሆነ መሥሪያ ቤት ሲያሠራሽ መብቱ ያንቺ መሆኑን፣ እነሱ ፎቶውን ለምንና ለስንት ጊዜ እንደሚጠቀሙበት በጽሑፍ ተፈራረሙ፤ ቀብድ ሳትቀበዪም ሥራ አትጀምሪ።