ሰም ወይስ ሲላንት? ስለ መኪና ቀለም የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የመኪናን ቀለም ከፀሐይ፣ ከአቧራና ከዝናብ ስለ መጠበቅ የሚያሳስባችሁን እንድትጠይቁኝ ጋብዤ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ ከዚህ በታች እመልሳለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ያለችውን መኪና ለረጅም ዓመት ለመያዝ ተገድዷል። ሞተር ይታደሳል፣ ጎማ ይቀየራል፤ ከፋብሪካ የመጣ ቀለም ግን አንዴ ካለቀ አይመለስም።

ጥያቄ (ከሲኤምሲ፣ አዲስ አበባ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ብርማ ቶዮታ ቪትዝ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት ደጅ ፀሐይ ላይ ትቆማለች። ሰም ላስቀባት ወይስ ሲላንት?

መልስ፦ ሲላንት ያስቀቧት። ሰም የምንለው በአብዛኛው ካርናውባ ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ላይ ይሰበሰባል። ንጹሑ እጅግ ጠንካራ ነው፤ የሚቀልጠው ሙቀቱ ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። እንዲህ የጠነከረ ነገር በጨርቅ ሊቀባ ስለማይችል ግን በማሟሟያና በዘይት፣ አንዳንዴም በንብ ሰም ይለወሳል። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ የሚቀረውን ድብልቅ ከዚያ ያነሰ ሙቀት ያለሰልሰዋል፤ ሳሙናም በቀላሉ ያነሣዋል። ሲላንት በፋብሪካ የሚሠራ ፖሊመር ሲሆን ብዙዎቹ ከሲሊኮን ቤተሰብ ናቸው። ሲደርቅ እርስ በርሱ ተሳስሮ ቀለሙን አጥብቆ ይይዛል። ውጭ በምትውል መኪና ላይ ሰም ከ1 ወር ተኩል እስከ 3 ወር፣ ጥሩ ሲላንት ግን ከ4 እስከ 6 ወር ይቆያል። ለብርማና ለነጭ ቀለም ደግሞ የሲላንቱ ጥርት ያለ ነጸብራቅ ይበልጥ ይስማማል።

ጥያቄ (ከዚሁ ጠያቂ)፦ ታዲያ ሲላንት ከተቀባች ፀሐዩ አይጎዳትም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ይህ በደንብ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ይህን ጨረር በዋነኛነት የሚከላከለው ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ቀለም አልባ የላይኛው ንጣፍ ነው፤ ጨረሩን የሚያስቀሩት ኬሚካሎች ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ የአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ሰምም ሆነ ሲላንት ከጨረሩ የሚያስቀሩት ጥቂቱን ነው።

ጥቅማቸው ሌላ ነው። አቧራ፣ የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ ከክሊሩ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋሉ። ያልተጣበቀ ቆሻሻ ሳይፈገፈግ በውሃ ይወርዳል፤ ያልተፈገፈገ ቀለም አይጫጫርም፤ ያልተጫጫረ ቀለም ደግሞ ክሊሩን የሚፍቀውን ፖሊሽ አይጠይቅም። ክሊርን የሚጨርሱት ፀሐይና ፖሊሽ ተባብረው ስለሆነ፣ እኔ ሲላንትን የምመርጠው ከማንጸባረቁ ይልቅ የፖሊሽን ጊዜ ስለሚያርቅ ነው። ከፀሐዩ የሚያድነው ጥላ ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከመገናኛ)፦ እኔ በየሁለት ወሩ ላቫጆ ወስጄ ፖሊሽ አስደርጋለሁ። ይህ ራሱ ጥበቃ አይደለም?

መልስ፦ ይቅርብህ ወንድሜ። ፖሊሽ ውስጡ ደቃቅ ሻካራ ዱቄት ያለበት ቅባት ነው። ጭረቱን የሚያጠፋው በዙሪያው ያለውን ክሊር ፍቆ ከጭረቱ ጋር በማስተካከል ነው። በማሽን በተሠራ ቁጥር ጥቂት ማይክሮን ይሄዳል፤ በበርና በኮፈን ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ኮፈንና ጣሪያቸው ነጭ ቅርፊት አውጥቶ ሲላጥ የምታያቸው መኪኖች ክሊራቸው ያለቀ ነው፤ ለነሱ ያለው መድኃኒት ዳግም መቀባት ብቻ ነው። ፖሊሽ ጭረት ሲበዛ፣ በዓመታት ልዩነት ይሠራ፤ እንደተሠራም ሲላንት ይከተለው። ላቫጆው የሚቀባውን ጠርሙስ አስመጥተህ አንብብ። "ክሊነር ዋክስ" የሚል ከሆነ እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚፍቅ ነገር አለበት።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ጥቁር መኪናዬን ለሠርግ አከራያለሁ። በሲላንት ጥቁሩ ደብዘዝ ያለ መሰለኝ። ሰሙን ልተው?

መልስ፦ አይተዉት። ለጥቁር፣ ለጥቁር ሰማያዊና ለወይን ጠጅ ቀለም ካርናውባ የሚሰጠውን ጥልቀት ሲላንት አይሰጥም። ሁለቱንም ይጠቀሙ፦ መጀመሪያ ሲላንት፣ አንድ ሌሊት አድሮ ከጠነከረ በኋላ በላዩ ሰም። ተገልብጦ አይሠራም፤ ሲላንት ንጹሕ ቀለም ካላገኘ ስለማይያያዝ ከሰም በላይ ከተቀባ ከሰሙ ጋር ይነሣል። ሲላንቱን በዓመት ሁለቴ፣ ሰሙን ከሠርጉ ሁለትና ሦስት ቀን በፊት ያድርጉት። ስለ ሪባኑም ልንገርዎት፤ ላልቶ ከታሰረ መንገድ ላይ በነፋስ እየተርገበገበ አቧራ እንደያዘ ኮፈኑን ሲመታው ይውላል፤ ማታ ሲፈቱት ሥሩ ደብዝዞ ያገኙታል። ጥብቅ አድርገው ይሰሩት፤ ከማሰርዎ በፊትም ኮፈኑ ታጥቦ ይሁን።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሲላንት ገዝቻለሁ፤ እቤቴ ራሴ ልቀባው ነው። አሠራሩን በዝርዝር ብትነግረኝ።

መልስ፦ በደስታ። ውጤቱን የሚወስነው ከጠርሙሱ ዋጋ ይልቅ ዝግጅቱ ነው። በማለዳ፣ ጥላ ሥር ጀምር። መዳፍህን ኮፈኑ ላይ አድርግ፤ ሙቀት ከተሰማህ አትጀምር፤ በጋለ ቆርቆሮ ላይ ቅባቱ ቶሎ ደርቆ ዝንጉርጉር ያወጣል።

ካጠብክና ካደረቅህ በኋላ እጅህን በስስ ፌስታል ሸፍነህ በቀለሙ ላይ ቀስ ብለህ ጎትት። ባዶ እጅ የማያገኘውን ፌስታሉ ያሳይሃል፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚቆረቁርህ ካለ እጥበት ያላነሣው የብረት ብናኝ፣ ሬንጅ ወይም ሲሚንቶ ተጣብቋል ማለት ነው። ሕንፃ በሚሠራበት ሰፈር የምታድር መኪና ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ይህን የሚያነሣው ክሌይ ባር የሚባለው፣ እንደ ሊጥ የሚታሽ ጭቃ ነው። ቀለሙን በሳሙና ውሃ እያራስክ፣ ሳትጫን ወዲያና ወዲህ አንሸራትተው። ሲቆሽሽ አጥፈህ ንጹሑን ገጽ አውጣ፤ መሬት ከወደቀ ጣለው፣ ያነሣው አሸዋ ቀለሙን ይቧጭርሃል።

ቀጥሎ አልኮልን በውሃ አቅጥነህ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ቀለሙን ጥረግ። አሮጌ ሰምና ቅባት ካልወጣ ሲላንቱ አይይዝም። ጥቁሩን ያልተቀባ ፕላስቲክ፣ በተለይ የፓራውልቱንና የስፖኪዮውን ሥር፣ በወረቀት ፕላስተር ሸፍን፤ እዚያ የገባ ቅባት ነጭ ሆኖ ይቀራል። አሁን ስፖንጁ ላይ ጥቂት ጠብታ አድርገህ ለአንድ በር በስሱ ዘርጋው። ማብዛት ጥበቃ አይጨምርም፣ መጥረጉን ብቻ ያከብድብሃል። ጠርሙሱ የሚለውን ያህል ደቂቃ ጠብቀህ በጣትህ ጫፍ ሞክረው፤ ሳይቀባባ ጥርት ብሎ ከለቀቀ ደርሷል፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። ከዚያ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው። ጊዜውን ከመረጥክ አንዱን በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሌላውን በመስከረም መጨረሻ አድርገው።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ የቆየች ላዳ አለችኝ። በጨርቅ ሳሻት ሰማያዊው ቀለም ጨርቁ ላይ ይወጣል። ሲላንት ያድናታል?

መልስ፦ ለእርስዎ መኪና ሰሙን እመርጣለሁ። ቀለሙ ጨርቅ ላይ መውጣቱ በላዩ ክሊር የሌለበት የቀድሞ ቀለም መሆኑን ያሳያል። እንዲህ ያለው ቀለም ከጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ላዩም አፈር ይመስላል። የሞተውን ገጽ በለስላሳ ፖሊሽ በእጅ አንዴ ብቻ ያንሡት፤ ከዚያ ዘይት የበዛበትን ለስላሳ ሰም በየወሩ ተኩሉ ይቀቡት። ከሲላንት ይልቅ እንዲህ ያለው ሰም የደረቀውን ቀለም ወዙን ይመልስለታል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ በግጭት ምክንያት አንዱ በር እንደ አዲስ ተቀብቷል። ቀለም ቀቢው ሲሊኮን ያለበት ነገር እንዳልቀባ አስጠነቀቀኝ። ለምን?

መልስ፦ ልክ ብሏል፣ ምክንያቱ ሁለት ነው። አዲስ ቀለም ውስጡ የቀረው ማሟሟያ ተንኖ እስኪያልቅ መተንፈስ አለበት፤ ብዙዎቹ የቀለም አምራቾች ከ30 እስከ 90 ቀን ሰምም ሆነ ሲላንት ሳይቀባ እንዲቆይ ይመክራሉ። በምድጃ ሳይሆን በአየር ብቻ የደረቀ ቀለም ወደ ረጅሙ ጊዜ መጠጋት አለበት። ሁለተኛው፣ እንደገና የሚቀባ ቦታ ላይ ሲሊኮን ካለ አዲሱ ቀለም እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ያወጣል። ወደፊት የሚቀባ ሌላ ክፍል ካለም ሲላንት እንደተጠቀምሽ ለቀቢው አስቀድመሽ ንገሪው እህቴ፤ ማጽጃ አለው።

ጥያቄ (ከብዙ ሰዎች)፦ በልብስ ዱቄት ሳሙና ማጠብ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የልብስ ዱቄት ቅባትን ከጨርቅ ለማንሣት የተሠራ ስለሆነ ሰሙንም አብሮ ይወስደዋል፤ ያልሟሟ ፍሬውም ይጭራል። የመኪና ሻምፑ ይግዙ፣ ሁለት ባልዲ ይያዙ፦ በአንዱ ሳሙናው፣ በሌላው ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውሃ። ከሁሉ የከፋው ግን በየጠዋቱ አቧራ ላይ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው። ያንን የሚያደርግ ሰው የትኛውንም ሲላንት ቢገዛ ገንዘቡን አባክኗል። ጎማና ጥቁር ፕላስቲክን በናፍጣ ማስወልወልም ይቅር፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ጎማንም ያበላሻል።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ እዚህ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይረጫል። ሥራዬ ሾፌርነት ስለሆነ መኪናዬ በየሳምንቱ በአውቶማቲክ እጥበት ታልፋለች።

መልስ፦ በረዶው ሳይጀምር፣ በኅዳር ሲላንት ቀባት፤ ብርዱ ከበረታ በኋላ በደንብ አይጠነክርም። ብሩሽ ያለውን እጥበት ተው፤ ብሩሹ የሌላውን መኪና አሸዋ ይዞ ይዞራል፣ ሲላንቱንም ቶሎ ይጨርሰዋል። በውሃ ግፊት ብቻ የሚያጥበውን፣ በተለይ ሥሯን የሚረጨውን ምረጥ። ዝገት የሚጀምረው ከሥር ስለሆነ በላይ የተቀባው እዚያ አይደርስም።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ እዚህ በሙቀቱ ሰም የሚቆይ አይመስለኝም።

መልስ፦ አልተሳሳትክም። በበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር መኪና ቆርቆሮ 70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ተለውሶ የተሸጠ ሰም በዚያ ሙቀት ይለሰልስና አሸዋ ይይዛል። ሲላንት ተጠቀም፤ የምትቀባውም ማታ ወይም በምድር ቤት ማቆሚያ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሴራሚክ የሚሉት የቀለም መከላከያ ቅብስ?

መልስ፦ በሥርዓት ከተሠራ ለዓመታት ይቆያል፤ በተለይ ለአዲስ መኪና ጥሩ ነው። ነገር ግን ከሥሩ ያለውን ጭረት ሁሉ አሽጎ ስለሚያስቀምጥ አስቀድሞ በሚገባ ፖሊሽ መደረግን ይጠይቃል፤ ክሊሩ ለሳሳ አሮጌ መኪና ደግሞ ያ ፖሊሽ ራሱ አደጋ ነው። ለእንዲህ ያለ መኪና ከሴራሚክ ይልቅ በዓመት ሁለቴ ሲላንት እመክራለሁ።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ የወፍ ኩስ ቀለሙን ሲበላው አይቻለሁ። ሲላንት ይከላከለዋል?

መልስ፦ ጊዜ ይሰጥሻል እንጂ አያስቀረውም። ኩሱ አሲድ አለው፤ በፀሐይ ሲደርቅ ወደ ክሊሩ ይገባል። በዚያው ቀን አንሺው። እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ላዩ ላይ አስተኝተሽ ሲርስ ወደ ላይ አንሺው፤ ደረቁን አትፈግፊጊው፣ ውስጡ ጥሬና አሸዋ አለ።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ሲላንቱ ማለቁን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ መኪናዋን አጥበው ንጹሕ ውሃ ያፍስሱባት። ውሃው ክብ ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ወይም ተያይዞ በፍጥነት ከወረደ ሲላንቱ አለ፤ ተዘርግቶ ከቀረ አልቋል። ሳያጥቡ አይፈትኑ፤ ከላይ ያለው አቧራ ያሳስትዎታል። መፈተንም ያለበት ጣሪያውና ኮፈኑ ነው፤ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚያገኛቸው እነሱ ስለሆኑ ከበሮቹ ቀድመው ያልቃሉ።